የአባት ስም

በታኅሣሥ ማለዳ፣ ዝናብ ሲያካፋ፣
ልጄን አዝዬ ወጣሁ፣ ዳገት ስገፋ፤
ጾመ ነቢያት ነው፣ ሳምንቱ የኖላዊ፣
የናዝሬት ሰማይ አመድማ፣ ንፋሱ ባሕራዊ።

ከቢሮው በራፍ ላይ ቁጥር ተቀበልኩኝ፣
መቶ አሥራ ሰባት፤ ግድግዳ ተደገፍኩኝ።
ካልሲዬ ርሷል፣ ልጄም አርሶኛል ከኋላ፤
ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ዳቦውን ሲበላ።

ኦርና ትባላለች፤ ደረቷ ላይ ተጽፏል፣
የመነጽሯ እጀታ በፕላስተር ታስሯል።
ደክሟት ነው እንጂ ክፉ አይደለችም፤
ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም።
«የልጁ ስም?» «ኖላዊ።» «ትርጉሙስ?» «እረኛ።»
ከንፈሯ ላላ ጥቂት፣ የዚያች ዝምተኛ።
«የእናት ስም?» ነገርኳት። ጻፈች ሳትሳሳት።
«የአባት ስም?» አለችኝ።
እኔም ዝም አልኳት።

አባቱማ አለ፤ ሐይፋ ወደቡ ላይ ክሬን ያንቀሳቅሳል፣
ስልኩ ላይ ቁጥሬን ሲያይ ይዘጋል፣ ይረሳል።
«የእኔ አይደለም» ብሏል፤ በቃ፣ እዚያ ላይ ቆመ፤
ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ሚስማር ከረመ።

በመስኮቱ ማዶ ጉልላት ይታያል፣
«መልአክ የገባው እዚህ ነው» ይባላል።
እሷንስ ጠይቀዋት ይሆን፣ ጎረቤቶቿ፣
ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ እንስራ በእጆቿ፣
«አባቱ ማነው?» ብለው?
ምን ትመልስላቸው?
«ከፀሐይ በፊት ነበረ» ብትል ማን ያምናታል?
ገና ጡት ያልጠባውን «ፈጣሪዬ» ብትል ማን ይሰማታል?

የኔታ ልሳነወርቅ፣ ዓይናቸው የጠፋው፣
ጥላቸው እስከ ማታ በእኛ ላይ የሰፋው፣
«ፊተኛው ያለ እናት፣ ከአብ፣ ከዘመን በፊት፤
ኋለኛው ያለ አባት፣ ከድንግል፣ በሌሊት»
ሲሉን ሁለቱን ልደት በቃል ሸምድደን፣
የጨርቅ ኳሳችንን ፍለጋ ሄድን።
ትምህርት አልነበረም፤ ዜማ ነበር ያኔ፤
ዛሬ በቅጽ ወረቀት ተተረጎመ ለእኔ።

የልጄ መስመር ባዶ ነው፤ አላስውበውም፤
ሰው ጥሎት የሄደውን ቅዱስ አልለውም።
የእሷ ልጅ መስመር ግን ባዶ የመሰለው
አባቱ ከቀለም፣ ከብራና ሰፍቶ ነው።
ሰማይ ዙፋኑ ነው፤ በየትኛው ሣጥን ይገባል?
ምድር መረገጫው፤ የትውልድ ስፍራው የት ይባላል?
የትውልድ ቀኑስ? ቀንን ራሱ ሠርቶ፣
ዕድሜው ስንት ይባላል፣ ዘመን ከእሱ ወጥቶ?

ግን ተቆጠረ እኮ! ልቤ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው፤
ከዋክብትን በስም ጠርቶ የሚያቆመው፣
ቄሣር «ቁጠሩ» ሲል፣ በማኅፀን ሳለ፣
ከድሆች ሰልፍ ገብቶ ቁጥር ተቀበለ።
መለኮቱን ጥሎት አይደለም የመጣው፤
ሥጋችንም የውሰት ኩታ አይደል፣ ነገ የሚያወጣው።

አንዳንድ ሌሊት አለ፣ ይህን ማመን የሚያቅተኝ፤
የማስታምማቸው ጀርየስ ሲያስሉ፣ ልጄ ሲያለቅስ፣ እንቅልፍ ሲጠላኝ፣
«ይህ ሁሉ ትልቅነት ለእኔ ጓዳ ምኑ ነው?» እላለሁ።
መልስ አይመጣም።
ጡጦ አሞቃለሁ።

ኦርና ጠብቃ ጠብቃ፣ መስመሩ ላይ ጭረት አሰመረች፤
ትንሽ ጭረት ናት፣ ከጥፍር ያነሰች።
ማኅተም መታችበት። ቀና አለች፤ አልቸኮለችም።
«ቆንጆ ልጅ ነው» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ወጣሁ። ዝናቡ በርትቷል፤ ኖላዊ ነቅቷል፣
ከጀርባዬ ሆኖ ጆሮዬን ጨብጧል።
ቁልቁለቱን ስወርድ፣ ከድንግል ጉድጓድ ዘንድ፣
ሁለት ሰዎች መሰላል ላይ፣ በዚያ ብርድ፣
ንፋስ የበጠሰውን የዛፍ መብራት ይቀጥላሉ፤
አንዱ አምፖል እምቢ ይላል፣ ፈተው ደግመው ያስራሉ።
«ገና ነው?» አልኳቸው። «ገና ነው» አሉኝ።
ገናም ገና ነው፤ ሳቄ አመለጠኝ።

ወረቀቱን ከዝናብ ሸሽጌ በጉያዬ፣
«አንተ አባትህን የምታውቅ፣ ይህችን ጭረት እያት፣ ጌታዬ»
አልኩት። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤
ጀርየስ መድኃኒት አላቸው፤ ሄድኩ ወደ ሥራዬ።